የግድግዳው መስመር

አዘዞ ነው ግቢያችን፣ ከአስፋልቱ ወደ ታች፣
ድማዛ አጠገብ፤ በበጋ ጥጃ የሚሻገራት፣ እንደ ፈትል የቀጠነች።
ኑግ እንጨምቃለን፣ ሰሊጥ እንጨምቃለን፣
አሥራ አንድ ነን፤ ባጃጅ ስንሳፈር በጠረን እንታወቃለን።
የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ስሜ እንየው ነው።
አየሁት።

ከሐምሌ አቦ ማግስት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ድማዛ ሳታንኳኳ ገባች፣ እንደ ቸኮለ ባለጉዳይ።
ሁለት መቶ አርባ ኩንታል ሰሊጥ ጭቃ ጠጥቶ አበጠ፣
በአራተኛው ቀን ከረጢቱን በስቶ አቆጠቆጠ፤
ገበሬ ቢያየው እልል ባለ፤
አቶ ውባንተ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፣ አፋቸው ቃል ሳያወጣ ዋለ።

በዓመቱ ተገላቢጦሽ፤ የመተማ ሰማይ ነጠፈ፣
የላክነው መኪና ባዶውን መጣ፣ መጭመቂያው ዘጠኝ ሳምንት አረፈ።
በውሃ የከሰረ ሰው በውሃ ጥም ሲከስር
ማንን ይከሳል? ለደመና ችሎት የለው፣ ለወንዝ እስር።

ከዚያ፣ የመድን ሰው ከባሕር ዳር ሊመጣ ነው ተባለ።
አቶ ውባንተ ኖራ አስገዙ፤ ባልዲው እጄ ላይ ተንጠለጠለ።
«ያን መስመር አጥፋው» አሉኝ።
መስመሩ፦ ውሃ ቆሞ የዋለበት፣ ከጉልበቴ ስንዝር በላይ፣
ቡናማ፣ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ መሳይ።

ብሩሹን ነክሬ ሳነሳ አትጠገብ ከቢሮ ወጣች፤
ሂሳብ ሹማችን ናት፣ ስትቆጣ ድምጿን የምትቀንስ፤ ቀነሰች።
«የኔን መዝገብ ኖራ ይቀቡታል፣ ጋሼ?
ይህም መዝገብ ነው፤ ወንዟ የጻፈችው፤
እኛ ብንፍቀው እሷ መች ልትረሳው?
ደግሞስ ኖራ እዚህ አገር ግንብ ያቆመ፣
ድንጋይ ከድንጋይ አስታርቆ ስንት መቶ ክረምት የከረመ፤
ጉድ መሸፈኛ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»
ዝም አልን። እሷ ግን ገና ነበረች።
«ትርፍ ማለት ሌላ አይደለም፤ የተረፈ ነው፤
ከጎርፍ የተረፈ፣ ከድርቅ የተረፈ። ያልተረፈውን ምን ብዬ ልደምረው?»

ኖራው ግድግዳው ላይ አልዋለም። ድንጋይ አስጫንን፣
መደብ ሠራንበት፣ ከመስመሩ ክንድ ሙሉ አስበልጠን።
ሞተሩን ስምንት ሆነን ተሸከምነው፤
አስረበብ መካኒኩ «ቀስ! ሙሽራ ናት» ይላል፣ ላቡን እየጠረገ።
ከመተማ ብቻ መግዛት ቀረ፤ ኑጉ ከበለሳም ከደምቢያም መጣ፣
አንዱ ሰማይ ሲያኮርፍ ሌላው ምናልባት ባይቆጣ።
ከድማዛ ራስጌ ላሉት ገበሬዎች ፋጉሎ በቅናሽ ሰጠን፤
ላሞቹ በረት ይብሉ፣ ዳገቱ ሣር ያብቅል፣ እርከኑም አፈሩን ይያዝልን።
(አቶ ውባንተ ስለ ቅናሹ እስከ ዛሬ ያጉረመርማሉ።)
አትጠገብ መዝገቧ ላይ አዲስ ረድፍ ከፈተች፦ «ክፉ ቀን»።
«በየወሩ? ደመወዝተኛ ነው እንዴ?» አሉ።
«አዎን፤ እሱ ሥራ ሲገባ እኛ ሥራ አንፈታም።»

የመድኑ ሰው መጣ፤ መስመሩን በሜትር ለካ፣ ጻፈ፣ አመሰገነ፤
ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

ዘንድሮ፣ ነሐሴ ላይ፣ ድማዛ ተመልሳ መጣች።
ባትሪ ይዤ መደቡ ላይ ቆሜ አደርኩ። ሦስተኛውን ድንጋይ ላሰች፣
አራተኛውን ነካካች፣ ቆመች።
ዘጠኝ ከረጢት ሄደብን፤ «ነገ አነሳዋለሁ» ብዬ ታች የተውኩት፤
ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለአትጠገብ ሳልደብቅ ነገርኳት።
ዘጠኙን ከኪሳራ ጻፈች። የቀረውን ሁለቴ ቆጠረች።

ጠዋት፣ በከሰል፣ ሁለተኛ መስመር አሰመርኩ፤
ከቀድሞው አራት ጣት ዝቅ ይላል። በእርከኑ ይሁን በዕድል፣ አላወቅኩ።
ቀኑን ጻፍኩበት።
ከሁለቱ በላይ ገና ብዙ ያልተጻፈበት ግድግዳ አለ።