ገብስማ

ሶሓር ነሐሴ ነው፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል፤
ማታም ከባሕሩ በኩል ትኩስ እርጥበት ይነፍሳል።

ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ጥሬ ካልቀመሰች፣
ከቴምሩ ሥር ቆማ፣ ክንፏን አንጠልጥላ፣ ዐይኗን እንደጨፈነች።
ሰይፍ «ጣያት» አለኝ፣ ጫማውን እያሰረ፤
«በሁለት ሪያል ሌላ አለ» — መኪናው ተነሥቶ በረረ።

እንቁላሏ ተቀርቅሯል። ሆዷን በጣቴ ዳብሼ፣
ውሃውን በክርኔ ለክቼ፣ ሳፋው ላይ ጨው ነስንሼ፣
አስገባኋት።

ማማ ዙወይና መጡ፣ ከዘራቸውን ጥለው፣
የጉልበታቸውን ማሻ፣ የወይራ ዘይት ይዘው።
እኔ ገብስማ እላታለሁ፣ እሳቸው ረማዲያ፤
ለሁለቱም ስም አልዞረች፤ አንገቷ የለው መደገፊያ።
በክንዴ ያዝኩላት። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥን፤
ሦስት ሴቶች፣ አንዷ ሳፋ ውስጥ፣ ቃል ሳንለዋወጥ አመሸን።

በውሌ ላይ ዶሮ ማዋለድ የለም።
ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች፤ ያንን ነው የሆንኩት፤
«አይዞሽ፣ ግፊ» እላታለሁ — መቶ ለጣለች፣ እኔ አንድ ያልወለድኩት።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ መዳፌ ላይ አንዳች ነገር ሞቀ፤
ቅርፊት አልባ፣ እንደ ዐይን ቆብ የሳሳ እንቁላል ወደቀ።
ማማ «ሐምዱሊላህ» ብለው፣ እግራቸውን ዘረጉ፤
የተረፈውን ዘይት እጄ ላይ አፍስሰው፣
«አሁን የኔን ጉልበት» አሉ፣ እንደ ወጉ።

ድናለች አልልም።
ጎሕ ሲቀድ ግን፣ ከማንኪያው ላይ ውሃ ጠጣች፤
ጠጥታም፣ ከማጠቢያ ቤቱ ጣራ ሥር፣
ወደ ሰማይ አንጋጠጠች።