የራዲዮኛው ልብ ወለድ

ኬይሌን ይዘንባል። ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ ወሬ አይደለም፤
ጣሪያው ሲያንጠባጥብ ከሥሩ ባልዲውን የማይደግን የለም።
እኔም ከባልዲዬ፣ ከምድጃዬ አጠገብ፣
ዘንድሮ ሰባት ዓመቴ፣ አንድ ልብ ወለድ ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ሳነብ።

ኤራስሞ ካርካሞ ነኝ፣ የወደቡ ራዲዮኛ ነበርሁ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት የስንቱን ጀልባ ድምፅ በዚህ ጆሮ ሰማሁ፤
«ሞተሬ ቆመብኝ»፣ «ጉሙ መንገድ ነሣኝ»፣
«ለሚስቴ ንገርልኝ፣ ድንቹን ትጣደው፣ ከደጅ ነኝ፣ ራበኝ»።
ከዚያ ሁሉ መሐል አንዱ ነው ያልወጣ፣
ከጆሮዬ ገብቶ መመለሻ ያጣ።

የባልታሳር ናዌልኪን ድምፅ።
ውሃ በላው ይላሉ ሰዎቹ። እኔ ግን አውቃለሁ፤
ውሃው አፉን ሳይከፍት፣ እኔ ጆሮዬን ዘግቻለሁ።

መርማሪ መጣ ከካስትሮ ከተማ፣ ኮቱ ላይ ጨው የደረቀ፤
«ሞገዱ ነው» አልሁት፤ ጻፈው፤ ሻይ ጠጣ፤ አለቀ።
ያን ሌሊት አብረውኝ ከነበሩት አንዱ ሞተ፣ አንዱ ወደ መዳብ ጉድጓድ፣ ወደ ሰሜን ወረደ፤
እውነቱም እንደ ጠፋ ድመት እኔን ብቻ ለመደ።

በልብ ወለዴ ስሙን ለወጥሁት፣ ፂምም አወጣሁለት፣
ቀይ ሹራብ አለበስሁት፣ እጮኛም አጨሁለት።
ስለ ራዲዮኛውም እንዲህ ስል ጻፍሁ፦
«ታሞ ነበር ያን ሌሊት፣ ትኩሳት እንደ ፍም ፈጅቶት፤
ጥሪው አንዴ መጣ፣ ነፋስ ቆራርጦት፤
ሊነሣ ሲል ከአልጋው ጉልበቱ ከዳው።»
አቤት ሲያምር! እንባዬ ቀለሙን ጎዳው።
በገዛ ብዕሬ ለገዛ ራሴ አዘንሁ፤
ዳኛውም፣ ከሳሹም፣ ይቅር ባዩም እኔው ሆንሁ።

በቅጣትም አልሰሰትሁ። በምዕራፍ ዘጠኝ ቤቱን አነደድሁበት፣
በዐሥራ አንደኛው ዓይኑን አጠፋሁበት።
ግን በወረቀት ላይ የነደደ ቤት ማንን ያሞቃል?
ዕዳው ገብስ አይደለም፤ ባለዕዳው ያውቃል።

በሰኔ ብርድ፣ ጥራዙን በላስቲክ ጠቅልዬ
ወደ እኅቱ ሄድሁ፣ ወደ ኦርፌሊና፣ «አንብቢው» ብዬ።
ዐሥራ አንድ ቀን አቆየችው።
ስመለስ፣ በጭስ የደረቀ የዛጎል ሥጋ በክር እየሰካች፣
በሽቦ የታሰረ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

«ባልታሳር ፂም የለውም» አለች። «ይሁን፤ ልብ ወለድ ነው።
ሹራቡም ቀይ አይደል፤ አመድማ ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት፤ እሱንም ተወው።
እዚህ ላይ ግን» — ጣቷን አሳረፈች — «‹አንዴ መጣ› ብለሃል።
ወንድሜን አውቀዋለሁ። አንዴ ተጣርቶ መች ዝም ይላል?

ስንት ጊዜ ጠራ?»

እርጥብ እንጨት እሳቱ ውስጥ ተንጫጫ።

ትኩሳት አልነበረም። ካርታ ነበር እንጂ፣ የሦስት ሰው ጨዋታ፤
እጄ ላይ ሁለት ንጉሥ፣ ከፊቴ የሰው ደመወዝ፣ ሳቅና ሁካታ።
ቁልፉን በአውራ ጣቴ ወደ ግራ አዞርሁት፣
ጆሮ ዳባ ልበስ፤ ድምፁን አሳነስሁት።

«ሦስት» አልኋት። «ሦስት ጊዜ።
በሦስተኛው በስሜ ነው የጠራኝ።»

አላለቀሰችም። አልረገመችኝም። አልማረችኝም።
የድንች ጆንያ የምትቆጥርበትን ጉማጅ እርሳስ አነሣች፤
«አንዴ» የሚለውን ሰርዛ «ሦስት ጊዜ» ብላ ጻፈች፤
«ሦስት»ን ስትጭር ግን ወረቀቱን በሳች።
«ማሪኝ» ልል አፌን ስከፍት፣ «ዝናቡ ሳይበረታ ሂድ» አለችኝ፤
ጥራዙን ሳትዘጋ፣ በዚያችው ገጽ ላይ እንደተከፈተ ሰጠችኝ።

ያችን የተበሳች ገጽ አስቀርቼ፣ የቀረውን ምድጃ በላው።
ለአንድ ሌሊት አሞቀኝ።

አሁን ምዕራፍ አንድ ላይ ነኝ።
ሰውየው ጤነኛ ነው። ስሙ ኤራስሞ ነው።
እጁ ላይ ሁለት ንጉሥ አለ። ሌሊቱ ገና ነው።
ራዲዮው ተንኮሻኮሸ።

አንድ።