ሃያ አምስተኛዋ

ሎንግ አይላንድ፣ የባሕሩ ወሽመጥ ዳር፣
ጨዋማው ነፋስ መስታወቱን ሲገርፍ ሲያድር፣
ሄስተር ቫንዲቪር መጣች ገና ሳይነጋጋ፣
ምድጃው ላይ ከሰል ልትጨምር፣ ብርዱ እንዳይወጋ።

ሰባት መቶ ማሰሮ፣ ሰባት መቶ አረም፤
ላላፊ አግዳሚው አንድ ነው፣ ለሷ ግን አይደለም።

እኛ አገር አስተናግር ይሉታል፤
የቀመሰው ሁሉ ሳይጠይቁት ያወራል፣
ከፈረሰ ካብ ጥግ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል።
እዚያ ግን ቁጥር አለው፣ ስሙ በካርድ ተጽፎ፣
በረዶውን ያያል ከመስታወት ወዲህ፣ ሙቀት ተደግፎ።

«አሥራ ሁለት ጥንድ ነው» ይላል ዶክተር ላትሮፕ፣
ዓይኑን ሳይነቅል ከማይክሮስኮፕ፤
«ሃያ አራት ክሮሞዞም፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ
እጅ ለእጅ ተያይዞ ሁለት ሁለት የሚያልፍ።
ይቺን ግን ተመልከች፣
ሃያ አምስተኛዋን፤
ጥንድ ካለበት ቤት ሦስተኛ ሆና ገባች።»

(እኔን ትዝ ያለችኝ ጳጉሜ ናት።
አሥራ ሁለቱ ወር ሠላሳ ሠላሳ ተሰፍሮ ሲያበቃ
በር ላይ የምትቆም፣ አምስት ቀን ታቅፋ፣ ተራዋን ጠብቃ።
ትንሽ ናት ብሎ ከቁጥር የሚያስወጣት ማነው?
ብትቀር
በዓሉ ከአበባው፣ አበባው ከዝናቡ ተለያይቶ የሚቀር ነው።)

ሄስተር ማይክሮስኮፕ አልነካችም፤
ጣቷ ግን አይስትም።
ይሄ ፍሬ ክብ ነው፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ የተነፋ፤
ያኛው ጠበብ፣ ሾል ብሎ፣ እሾሁ እንደ ጃርት የከፋ፤
የዚያችኛዋ ቅጠል ቀጥኗል፣ ጥብጣብ መስሏል፤
ይቺ ደግሞ አጭር ናት፣ እድገቷ ዘግይቷል።
አሥራ ሁለት ዓይነት ትርፍ፣ አሥራ ሁለት ዓይነት መልክ።

አንድ ማታ ላትሮፕ በአንገት ልብሱ ዓይኗን አሰረ፣
አሥራ ሦስት ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።
አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለቱንም በስሙ ጠራች፤
አሥራ ሦስተኛውን ግን አገላብጣ፣ አገላብጣ፣ አስቀመጠች።
«ይሄ ምንም አልተረፈው» አለች፣
«ደህና ነው፣ ምስኪን።»

«ግን ምንድን ነው የጨመረችው?» አለችው በሌላ ቀን።
«አዲስ ነገር የለም። ሁለቴ ይባል የነበረው ያው ቃል
አሁን ሦስቴ ይባላል።
ሁሉም ቃል አብሮ ቢበዛ ተክሉ ይገዝፋል እንጂ
ሚዛኑ አይዛባም፤
አንዱ ብቻ ሲጮህ ነው ሌላው የማይሰማ።»
ሄስተር የዓሣ ሾርባዋን አሰበች፦
ያው ጨው ነው፣ ያው ድንች፣ ያው ወተት፣
ግን ጨዉ አንድ ቁንጥር ቢያልፍ ማን ያው ሾርባ ይለዋል?

ደግሞ ሌላ ነገር፣ መዝገቡ ውስጥ የተቀበረ፦
አባትየው በብናኙ ይዟት አይሻገርም፤
ሩጫ ነው የሱ፣ ትርፍ ጭነት አይችልም።
እናት ናት የምታሳልፋት፤ እሷም ለሁሉም ልጅ አታዳርስ፣
ከአራቱ ለአንዱ ቢደርስ።

መጽሐፉ ታተመ። የላትሮፕ ስም በወርቅ።
የሄስተር፣ ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦ «አንዲት ረዳት»።

በጡረታዋ ቀን አንድ ክብ ፍሬ
በሽርጧ ኪስ ገባ። ማንም አላየ።
ከእህቷ ቤት ጀርባ፣ ሪቨርሄድ፣ ከድንች ማሳው ዳር
አራት ጉድጓድ ማሰች፤ አራት ቡቃያ ወጣ።
ነሐሴ ላይ ሦስቱ እንደ ሁሉም ሆኑ፣ ረዥም፣ እሾሃም።
አራተኛዋ
ዝቅ ብላ፣ ፍሬዋን አሞልሙላ።

ጎረቤቷ ሚስስ ታቲል በአጥሩ ላይ አዘነበለች፤
«ይህን መርዘኛ አረም ለምን አትነቅይውም?» አለች።

ሄስተር አርባ ዓመት ያልተናገረችው ሴት
እጇን ከአፈሩ አራገፈች፣
ክቧን ፍሬ በመዳፏ ያዘች፣
እና ሳትቀምሰው፣ እንዲሁ ነክታው ብቻ፣
ማውራት ጀመረች።

ጀምበር ጠለቀች። ሚስስ ታቲል
አጥሩን ተደግፋ እንደቆመች ነበረች።