ገበር

በመኪና ግርግር፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ስቀድ፣ ስሰፋ፣ ስተረትር፣
የሰው ስም ቢጠፋኝ፣ የሰው ልክ አይጠፋኝም።
ማን በሐዘን እንደከሳ፣ ማን በብድር እንደወፈረ፣
ሜትሬ ያውቃል፤
አፌ ግን አንድም ቀን አልመሰከረ።

ሳጅን ኢዶሳ መጣ፣ በሰኔ፣ ሊመሽ ሲል፣
ያለ መለዮ፣ ሸሚዙን ለቀቅ አድርጎ፣
ጎረቤት እንጂ ፖሊስ ሳይመስል።
«ሁለት ጣት አስፋልኝ፣ ከወገቡ ላይ፤
ከውስጥ ደግሞ ኪስ ስፋ፣ ከውጭ የማይታይ።»
«ለምንህ?» አላልኩም። እሱው «ለስልኬ» አለ።
አንድ ኪሎ የሚመዝን ስልክ የት አገር አለ?

ትዕዛዝ አላቸው አሉ፤ ከሥራ ሲወጡ፣
እንዳይታይባቸው፣ ቢቆሙም ቢቀመጡ፤
ሰው ሳያይ ይያዝ፣ ሰው ሳያውቅ ይደር፣
ሰርግ ላይ፣ ሱቅ ላይ፣ ልጅ ሲያደርሱ ከትምህርት ቤት በር።
ሕጉን የጻፈው ሰው ሰፊ ቢሮ አለው፤
ሰፊው እኔ ግን የምውልበት ጠባብ ነው።

ጁገል ውስጥ አንድ መንገድ አለች፣ የተኳረፈ የሚታረቅባት፤
ግድግዳና ግድግዳ ሊጨባበጡ አንድ ክንድ የቀራት።
ሁለት ሰው ሲገናኝ ደረት ለደረት ካልተሻሸ፣
አንዱ መመለስ አለበት፣ እየሸሸ።
እዚያች ላይ አዴ ረውዳ፣ ዘንቢሏን አቅፋ፣
ሳጅኑን ልታሳልፍ ግንቡ ላይ ተለጥፋ፣
ክርኗ ወገቡን ነካ። ቆም አለች፣ እንደ መደንገጥ ሳይሆን፤
«ልጄ፣ ቁልፍህ ከባድ ነው፤ ከአምስቱ በር የየትኛው ይሆን?»
ሳቀ። ሳቀች። ተላለፉ።
ለማንም አላወራች።
ለኔ ብቻ ነገረችኝ፣ ቀሚሷን ልታስጠብብ የመጣች ዕለት፣
ለማንም እንዳላወራች እየማለች።

ገመና ማለት ይኸው ነው እንግዲህ በኛ ከተማ፤
ሁሉም አውቆት ሲያበቃ፣ ላለማወቅ የተስማማ።

ኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ የማላውቀው ሰው መጣ፤
ጫማው አቧራ የለው፤ ሻይ አዘዘልኝ፣ እሱ ግን አልጠጣ።
«የሳጅኑን ዓይነት ኪስ ስፋልኝ» አለኝ፣ ቃሉን አለስልሶ፤
ከዚያ፣ ከሱሪዎቹ ክምር አንዱን አንስቶ፣ መልሶ፣
«በየት በኩል ነበር የሰፋህለት? በቀኝ ወይስ በግራ?»
መንገዱ ሙሉ መኪና ሲያወራ፣
የኔዋ ዝም አለች፣ ያለ ተራ።
«ወንድሜ፣» አልኩት፣ «እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምሰፋ፤
ቀኝና ግራ የወታደር ነው፤ የኔ ክር ነው፣ እሱም ይኸው ጠፋ።»

ሄደ። የልክ ደብተሬን ገለጥኩ።
«ኢ.፣ ዘጠና አራት፤ ከነስልኩ ዘጠና ስምንት» የሚለውን ገጽ ቀደድኩ፤
ቀድጄም አልበቃኝ፣ ከሰል ካውያዬ ውስጥ ጨመርኩ።

ኢዶሳ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ፤ የፊተኛው ገበር አልቆ።
ብረት ጨርቅ ይበላል፤ እንደ ምስጢር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ዘልቆ።
ልንገረው? ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ እንቅልፉን ልቀማው?
ዝም ልበል? ነገ አንድ ነገር ቢሆን፣ ከማን አፍ ልስማው?
በረንዳው ደግሞ ጆሮ ብቻ ነው።
አልተናገርኩም።
ሰፋሁ።

ሐሙስ ሊወስድ መጣ። ለበሰው።
እጁን በቀኝ ሰደደ። ጨርቅ ብቻ። ደግሞ ሰደደ።
ከዚያ በግራ።
ቀና ብሎ አየኝ፤ ላብ ከግንባሩ ወረደ።
«ግራ ገባኝ» አለ።
«ግራ ነው የገባው» አልኩት፣ ዓይኔን ከመርፌው ሳላነሳ።
መንገዱን አየ። ሻይ ቤቱን አየ። ትከሻው ከበደ።
«ገባኝ።»
ከፈለ፤ መልስ አልተቀበለም፤
በዚያች በጠባቧ ሳይሆን፣ ዞሮ በአስፋልቱ ሄደ።

አልፎ አልፎ አዴ ረውዳ ትቆማለች ከበረንዳ።
«ያ ባለ ቁልፉ ልጅ የት ጠፋ?» ትለኛለች።
ክሩን በጥርሴ ይዣለሁ፤
መናገር አልችልም።