የገመዱ ሌላ ጫፍ

ማክሰኞ ሳይነጋ ስልኬ አንቃጨለ፤
የቬርሆቭዬ ጣቢያ ዳግም ተቃጠለ።
መሣሪያዬን ጭኜ ኮረብታውን ወጣሁ፣
ጭጋግ እየገፋሁ መንደሩ ዳር መጣሁ።
ስሎቬንያ ጥግ ላይ፣ ነጭ ድንጋይ አገር፣
ውሃ የማያድርበት አንድ ስንዝር አፈር።

አንቴናችን ያለው ደወል ቤቱ ላይ ነው፣
ከነሐሱ ደወል ጎን ተከራይቶ የሚኖረው።
በኪራዩ ገንዘብ ጣሪያው ታደሰ፣
ሰበካው ደስ አለው፣ ቄሱም አወደሰ።

ሳጥኑን ስከፍተው የከሰለ ሽታ፣
የቀለጠ ሽቦ፣ የጠቆረ ቦታ።
ከላይ የመብረቁ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣
ምንም እንዳላየ፣ ንጹሕ ሰው መስሏል።

የደወሉ ጠባቂ ያርኔይ ደረሰ፣
ሰማንያ ዓመቱን ደረጃው ላይ እየከሰሰ።
«ሦስተኛችሁ ነው» አለ እያለከለከ፣
«ማን ነው ይኼን መብረቅ ደጋግሞ የላከ?»

ከዚያ ተቀመጠ፣ ነገረኝ ያባቱን፦
ደመና ሲጠቁር ይይዛል ገመዱን፣
ደወል ይደውላል በረዶው እንዲሸሽ፣
ወይኑ እንዳይረግፍ፣ ማሳው እንዳይበላሽ።
«አንድ ማታ ግን ደወሉ ቆመ፣
አንዴ ጮኸና ሁለተኛ አልደገመ።
ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ወድቋል፣
ገመዱን እንደያዘ።
ገመዱ እርጥብ ነበር።»

ምን ልበል? የማውቀው ኦም ነው፣ አምፔር ነው፣
የመዳብ ውፍረት ነው።
ይልቅ አሳየሁት ባትሪ አብርቼ፣
የቀደመኝን ሰው ስሕተት አውጥቼ።
ለዓይን እንዲያምር ብሎ ሽቦውን አጠፈው፣
እንደ ክርን አርጎ ግድግዳ አስታቀፈው።
መብረቅ ግን ችኩል ነው፣ ማዕዘን አያውቅም፤
ኩርባ ሲያጋጥመው ይዘላል፣ አይዞርም።

ዋናው ግን ሌላ ነው፦ ሁለት መሬት አለው፣
አንዱ ለመብራቱ፣ አንዱ ለአንቴናው፣
ሁለት የብረት በትር፣ አሥር ክንድ ተራርቀው፣
ማንም ያላገናኛቸው፣ ማንም ያላስታረቃቸው።
ሰማዩ ሲመታ አንዱ ሽቅብ ነጠረ፣
ሌላው ከነበረበት ዝቅ ብሎ ቀረ።
የሁለቱን ልዩነት ማን ከፈለው? ሬዲዮው።
መካከል የቆመ ነው ሁልጊዜ የሚነደው።

«ታዲያ ልታባርረው ነው?» «አልችልም» አልኩት፣
«መጥቶ ይምታ፤ ብቻ መንገድ ላብጅለት።
ሁሉም አብሮ ከፍ ይበል፣ አብሮ ይመለስ፤
አብሮ ከተነሣ የለም የሚፈርስ።»

ግን የት ልቅበረው? ዙሪያው ሁሉ አለት፣
በትሬ ተጣመመ ሳይሰምጥ አንድ ጋት።
መለኪያዬ አሳየኝ መቶ ስድሳ ኦም፤
እዚህ መሬት የለም።

ያርኔይ ዝም አለ። ኋላ ከዘራውን ዘርግቶ፣
«አፈር አለ» አለኝ፣ «በሰው እጅ ተሞልቶ፤
በቅርጫት ተሸክመው ከሸለቆው ታች
አያቶች ያፈሰሱት ለመቃብሮች።»

ቄሱ ሊደውል ፈለገ፣ ጳጳሱን ሊጠይቅ፤
ኔትወርክ የለም። ሣቀ። «ቆፍር» አለ፣ «እኔ ሳላውቅ።»

ዓርብ ዕለት ቆፈርን በቅጥሩ ሥር ዞረን፣
ሁለቱን መሬቶች በአንድ መዳብ አሰርን።
ካባቱ ድንጋይ ጎን ስንደርስ ክንዴ ዛለ፤
ያርኔይ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ዳብሶ አለ፦
«ያን ጊዜ የላዩን ጫፍ ብቻውን ያዘው።
አሁን ይኼን ይያዝ። ይኼኛው ይሻለው።»

መለኪያው ወረደ። ስድስት ኦም።
ስንጨርስ ቆጣሪ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፣
በመታ ቁጥር አንድ የምትል፤ ዜሮ ላይ መለስኩ።

ነሐሴ ሲጋመስ ሌላ ሌሊት መጣ፣
ከባሕሩ ወገን ጥቁር ደመና ወጣ።
እኔ ከተማ ነኝ፤ እንቅልፌን አጥቼ፣
ስክሪን ላይ አፍጥጬ፣ ሻዬን ረስቼ፣
አንዲት አረንጓዴ ነጥብ እጠብቃለሁ፣
በጠፋች፣ አልጠፋች እሰቀቃለሁ።

ሊነጋ ሲል ስልኬ ጮኸ።
ያርኔይ ነው። «ቆጣሪህ አራት ይላል። ልክ ነው?»
«ልክ ነው።»
«አራት ጊዜ። እህ።»
ዝምታው ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል፣
በዚያው አንቴና በኩል።
«ወርጄ ሣሩን አየሁት» አለኝ፣ «አባቴ ጎን ያለውን።
ጤዛ ይዟል እንጂ
ምንም አልሆነም።»