የውሃ ተራ

መርሳ ከቦዩ ዳር፣ ከጓሯችን በታች፣
ጦይባ በአንዱ ሰኞ ሁለት ነገር አመጣች፦
የጎመን ዘር እፍኝ ከሻሿ ጫፍ ቋጥራ፣
አንድ የዋንዛ ችግኝ ከነአፈሩ ጋራ።

ጎመኑ ጨቅላ ነው፤ ሌት ተቀን ይጣራል፣
ውሃ ውሃ ይላል፣ ፍግ አምጪ ይላል፣
አንድ ቀን ብትረሳው ጆሮውን ይጥላል።
የውሃ አባት ይማም ተራዋን ቢያሳልፍ፣
በፋኖስ አጠጣች፣ ሳትቀምስ እንቅልፍ።

ዋንዛው ግን ዝም አለ። አንድ ጣሳ በሳምንት፣
ከፍየል የሚያስጥል እሾህ ለሦስት ዓመት፤
ከዚያ ወዲያ ምንም። እኔማ ረሳሁት፣
ደብዳቤ እንደማይልክ ልጅ፣ ሞተም አላልኩት።

ጎመኑ በስልሳ ቀን ድስት ገባ፣ ተበላ፤
ተዘራ፣ ተበላ፣ ስንት ጊዜ ከዚያ ኋላ።

በዘጠኝ ዓመቱ ቅጠሉ ቀጠነ፣
መልኩ ቢጫ መታ። ምን ነክቶት እንደሆነ
ቀና ብዬ ባየው ዋንዛው ከላይ ቆሟል፤
ሳይጠይቅ፣ ሳይለምን ፀሐዩን ወስዷል።

መጥረቢያ አነሳሁ። ጦይባ ግን ሳቀች፣
መደቧን ወደ ቦዩ አንድ እርምጃ ገፋች።
ዘንድሮም ገፋችው፤ ሁለት ክንድ ቀርቷል፣
መጥረቢያው ከግንዱ ተደግፎ ዝጓል፣
እኔም ቀትር ላይ፣ ከጥላው ሥር ቁጭ ብዬ፣
ጎመን እቀነጥሳለሁ።