ቅርፊት

ሊገመግመኝ መጣ ከትምህርት ቢሮ፣
አንድ ለጋ ወጣት ጠጉሩን አበጥሮ።
ከኋላ ወንበር ላይ ከልጆቹ መሐል፣
ሰባተኛ «ለ»ን አርባ ደቂቃ ያህል
ሲያየን ቆየና ቅጹን ሞላልኝ፣
ፈርሜ እንድመልስ አጥፎ ሰጠኝ።

ዕቅድ፦ ጥሩ ይላል። ድምፅ፦ ከፍ ያለ።
ሰሌዳ አጠቃቀም፦ የተስተካከለ።
ግን «አለባበስ» ላይ ወጣቱ ታዛቢ
በእንግሊዝኛ ጻፈ አንዲት ቃል፦ «ሻቢ»።

በአማርኛ ቢሆን እጁ በፈራ ነበር፣
አባቱን ለሚያክል «ነተብህ» ለመናገር።
በሰው አገር ቋንቋ ሰው መንካት ይቀላል፣
ነውሩ ከባሕር ማዶ ተሰፍቶ ይመጣል።

ይህን ቃል ለስንቱ አስተማርኩት ራሴ፣
ለምሳሌ ብዬ ሳላይ ወደ ልብሴ።

ኮቴ ቡናማ ነው። ነበር ማለት ይሻላል፤
ክርኑ እንደ ቀጠነ ሻይ ብርሃን ያሳልፋል፤
ኮሌታው በጺሜ ተፍቆ ተፍቆ ነጥቷል፤
የግራው ኪስ አፉን እንደ ሽማግሌ ከፍቷል።
የጅማ ክረምትም ድርሻውን ወስዷል፦
ሐምሌ በሻጋታ፣ ነሐሴ በጭቃ፣
የቀረውን ደግሞ የጠመኔ ብናኝ።

ማታ መብራት ጠፋ፤ በሻማ ጭላንጭል
መዝገበ ቃላቴን ፈታሁት እንደ ጥቅልል፤
እሱም ሽፋን የለው፣ ጀርባው ተገንጥሏል፣
ስለ መንተብ ሊያስረዳ ከኔ ይበልጥ ነትቧል።

ለልብስ፦ ያረጀ፣ ወዙ የጠፋበት።
ለቤት፦ ቀለሙ ላይ ዓመት የረገፈበት።
ለሥራም ይነገራል፦ ነውረኛ በደል፣
ደካማ ሰው ገፍቶ ዘወር ማለትን ያህል።
ከዚያ በታች ደግሞ በደቃቅ ፊደላት
የቃሏ አያት ስም፣ የተወለደችበት ቤት፦
በጥንት እንግሊዝ አፍ እከክ ነበረች አሉ፣
ቁስል ላይ የሚደርቅ ቅርፊት ነው ውሉ፤
ከገላ ወደ ሰው ስድብ ሆና ወጣች፣
ከሰውም ወደ ልብስ ወርዳ ተለጠፈች።

ሐሙስ ገበያ ነው። ሂርማታ ወረድኩኝ፤
«በመቶ! በመቶ!» ሰልባጁ ጠራኝ።
ቦንዳው ተዘርግፎ፣ ኮት እንደ ጉብታ፣
ያቺ ቃል ካደገችበት አገር የመጣ፤
እነሱ «ሻቢ ነው» ብለው የጣሉትን
«አዲስ ገባ ጌታ!» ይላል ልጁ፣ ቆሞ በከፍታ።

ነስሩ አባ ጊዲ መርፌ እንደነከሰ
ከሲንጀሩ በላይ ዓይኑን መለሰ፤
ኮቴን ተቀብሎ በብርሃን ዘረጋ፣
በክርኑ ቀዳዳ አየኝ ወደኔ ጋ።
«ማን ሰደበህ?» አለኝ።
ነገርኩት አንድ በአንድ፣
ከቅጹ ጀምሬ እስከ እከኳ ዘር ግንድ።

መርፌውን ከአፉ አወጣ።
«ቅርፊት ነው ያልከኝ? የቁስል ላይ ሽፋን?
ታዲያ ያ ልጅ ባክህ መቼ ተሳደበን!
ቅርፊት ማለት እኮ ከሥሩ ሥጋ አለ፣
ሰው ሳያየው የሚድን፣ ቀስ እያለ።
ጨርቅ ግን ምስኪን ነው፤ ብትተወው አይድንም፣
ዓመት ብትጠብቀው ክር አያበቅልም።
ለሱ ነው…» አለና ፔዳሉን ረገጠ፣
«ለሱ ነው አላህ እኔን እዚህ ያስቀመጠ።»

ክርኔ ላይ ሰፋልኝ የዘበኛ ሱፍ ቁራጭ፣
ሰማያዊ በቡናማ፣ ከሩቅ አፍጣጭ።
«አይመሳሰልም» አልኩ። «አዎ፣ አይመሳሰልም፤
የዳነ ነገር ጠባሳ አለው፤ አልዋሽህም።»

ስንት ልክፈል ስለው ጠመኔ አቀበለኝ፣
«በሩ ላይ» አለ፣ «ያቺን ቃል ጻፍልኝ።
ላፍ ትጥማለች፣ ለሱቅ ስም ትሆናለች።»
ጻፍኩለት፣ በኛው ፊደል፣ አጉልቼ።
ሻቢ ልብስ ጥገና።
ካፊያው ወዲያው መጥቶ ግማሹን አጠበው።

አዌቱ ድልድይ ላይ ቅጹ ትዝ አለኝ፤
አልፈረምኩም ገና። የግራ ኪሴን ዳሰስኩ፦
ያ የተከፈተ አፍ ተሰፍቷል ድርብ አድርጎ፣
ወረቀቱ ከነቃሉ ውስጡ ቀርቷል ታሽጎ።

ስራመድ ይንኮሻኮሻል።